የፈረንሳይ ገጠር የብስክሌት መንገዶች፦ «ከመኪና ነጻ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የአውሮፓ በጋ ሲቃረብ የፈረንሳይ የቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች በሚያሰራጩት ማስታወቂያ ላይ፣ ከወይን ማሳውና ከጥንታዊው ገዳም ፎቶግራፍ ጎን አንድ ሐረግ ይደጋገማል፤ በገጠሩ ውስጥ «ከመኪና ነጻ» ሆኖ በብስክሌት መጓዝ ይቻላል የሚል። ይህን አምኖ ልጆቹን አስከትሎ የወጣ ተጓዥ ግን የመንገድ ምልክቱን በትክክል እየተከተለ ሳለ ትራክተር ከፊቱ ይመጣበታል፣ ወይም የመንደር መኪና ከኋላው ደርሶ ያልፈዋል። መንገድ ስቼ ይሆን ብሎ ካርታውን ቢያይ መስመሩ ያው ነው። በሌላ በኩል የፈረንሳይ መንግሥት በ2023 ለብስክሌትና ለእግር ጉዞ እስከ 2027 ድረስ 2 ቢሊዮን ዩሮ እንደሚመድብ ቃል ከገባ በኋላ፣ የ2025 በጀት ክርክር ሲከፈት ይኸው ገንዘብ ቅነሳ ከተፈለገባቸው ወጪዎች አንዱ ሆነ። እነዚህ መንገዶች የሽርሽር ቅንጦት ናቸው ወይስ የመጓጓዣ መሠረተ ልማት የሚለው ሙግትም አብሮ ተነሣ።

የተጓዡ ግራ መጋባትና የበጀቱ ሙግት የተለያዩ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው። የተለያዩ መንገዶች በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ከእነዚህም መካከል ከመኪና በእርግጥ የተለዩት ብዙዎቹ ለብስክሌት ታስበው የተሠሩ አይደሉም። ያለፉት መቶ ዓመታት ለባቡርና ለጀልባ ገንብተው የተዉት ቅሪት ናቸው። ወዴት እንደሚያደርሱ፣ የት ላይ እንደሚቋረጡ፣ ማን እንደሚያዝባቸውና ማን እንደሚከፍልባቸው በአብዛኛው የተወሰነው በዚህ ውርስ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ የሚመስሉ ሁለት ስሞች

ፈረንሳዮች «ቯ ቨርት» ማለትም «አረንጓዴ መንገድ» የሚሉት በሕግ የተተረጎመ የመንገድ ዓይነት ነው። በ2004 የወጣ ደንብ ይህን ስም ወደ ትራፊክ ሕጉ ሲያስገባ ሞተር ለሌላቸው ተሽከርካሪዎች፣ ለእግረኞችና ለፈረሰኞች የተከለለ መንገድ መሆኑን ደነገገ። ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዝና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ እገዛውን የሚያቆም የኤሌክትሪክ ብስክሌት በሕጉ ዘንድ እንደ ተራ ብስክሌት ስለሚቆጠር በዚህ መንገድ ላይ ይሄዳል፤ ሞተር ብስክሌት ግን አይፈቀድለትም። ክልከላው ፍጹም እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። የጥገና መኪና ይገባል፤ ደጁ ወይም ማሳው በዚያ በኩል ብቻ ለሚደረስበት ነዋሪም ፈቃድ ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ በትክክለኛው አረንጓዴ መንገድ ላይ እንኳ አንድ ትራክተር መታየቱ ሁልጊዜ ሕግ ተጣሰ ማለት አይደለም።

«ቬሎሩት» የሚባለው ሌላ ነው። ይህ የጉዞ መስመር ስም ነው፤ ከሩቅ ከተማ ሩቅ ከተማ የሚያደርስ፣ በነጭ መደብ ላይ በአረንጓዴ ጽሑፍ ምልክት የተደረገለት፣ ከፊሉ አረንጓዴ መንገድ፣ ከፊሉ በመኪና መንገድ ዳር የተለየ የብስክሌት መተላለፊያ፣ ከፊሉ ደግሞ መኪና የማይበዛበት ተራ የገጠር መንገድ የሆነ ሰንሰለት። ዝነኛው የሏር ወንዝ መስመር ከዚህ ወገን ነው። ከኔቨር ከተማ አቅራቢያ ተነሥቶ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አትላንቲክ ባሕር ዳር ይደርሳል፤ ከአትላንቲክ እስከ ጥቁር ባሕር የተዘረጋው የአውሮፓ 6ኛው የረጅም ርቀት የብስክሌት መስመር አካልም ነው። ግንቦቹን፣ የወይን ከተሞቹንና በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የወንዙን ሸለቆ ያሳያል። ሆኖም የዚህ መስመር ብዙ ኪሎ ሜትር የሚያልፈው በትንንሽ የመንደር መንገዶችና ለጎርፍ መከላከያ በተሠሩት ክትሮች ጫፍ ላይ ነው፤ በእነዚህም ላይ መኪና ይሄዳል።

ልዩነቱ የቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም። በፈረንሳይ ከከተማ ውጭ ባሉና በመሐል አካፋይ በሌላቸው ባለ ሁለት አቅጣጫ መንገዶች ላይ የተፈቀደው ፍጥነት ከሐምሌ 2018 ጀምሮ በመርሕ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ በኋላ አንዳንድ አውራጃዎች ወደ 90 መልሰውታል። ሕጉ አሽከርካሪው ብስክሌተኛን ከከተማ ውጭ ሲቀድም 1.5 ሜትር እንዲርቅ ያዛል። ልምድ ላለው ጎልማሳ ይህ ይበቃ ይሆናል፤ የስምንት ዓመት ልጅ ለሚያስከትል ወላጅ ግን በ«ቯ ቨርት» እና በ«ቬሎሩት» መካከል ያለው ልዩነት ጉዞው ይደረግ ወይስ ይቅር የሚለውን የሚወስን ነው። አስተዋዋቂዎቹ ሁለቱን ቀላቅለው አንድ ስም ሲሰጧቸው ጉዳቱ የሚያርፈው በዚህ ተጓዥ ላይ ነው።

ሐዲዱ ሲነሣ የቀረው መደብ

የእነዚህ መንገዶች ዋና ባለውለታ ስለ ብስክሌት ያላሰበ አንድ ፖለቲከኛ ነው። ቻርል ደ ፍሬሲኔ የሕዝባዊ ሥራዎች ሚኒስትር ሳለ በ1879 በወጣው ሕግ 181 የባቡር መስመሮች፣ ከ8,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ እንዲገነቡ ተወሰነ። ዓላማው ከንግድ ይልቅ የፖለቲካ ነበር፤ ወጣቷ ሪፐብሊክ ራሷን ለገበሬው ማሳየት የምትችለው ባቡር እስከ ትንንሾቹ የአውራጃ ከተሞች ሲደርስ ነው ተብሎ ታመነ። በመስመሮቹ ላይ የሚሳፈረው ሰው ግን ከመጀመሪያውም ጥቂት ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውቶቡስና የጭነት መኪና ሲመጡ ኪሳራው ገሃድ ወጣ፤ በ1938 ብሔራዊው የባቡር ኩባንያ ሲቋቋም ብዙዎቹ ለመንገደኛ መዘጋት ጀመሩ፣ ከሁለተኛው ጦርነት በኋላም መዘጋቱ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም። የአዲስ አበባው ለገሃር ስሙን ያገኘው «ላ ጋር» ማለትም «ጣቢያው» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ከጅቡቲ ያገናኘው የአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድም በፈረንሳይ ኩባንያ የተዘረጋው የፍሬሲኔ መስመሮች በየገጠሩ ይሠሩ ከነበሩበት ዘመን ብዙም ሳይርቅ ነበር።

ሐዲዱ ተነሥቶ ብረቱ ሲሸጥ የሚቀረው የተደለደለው መደብ ነው፤ ለብስክሌተኛ ዋጋ ያለውም ይህ ነው። የእንፋሎት ባቡር ዳገት ስለማይችል መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን ሞልተውና በሰፊው ጠምዝዘው መስመሩን በየመቶ ሜትሩ ከሁለትና ሦስት ሜትር በላይ እንዳይወጣ አድርገው ነበር የሚሠሩት። ያ ሁሉ ቁፋሮ ዛሬ አያትም የልጅ ልጅም ሳይተነፍሱ የሚሄዱበት መንገድ ሆኗል። አሁን ለብስክሌት ብሎ ማንም መንግሥት እንዲህ ያለ የአፈር ሥራ አያሠራም።

በአገሪቱ የመጀመሪያው አረንጓዴ መንገድ እየተባለ የሚጠቀሰው በደቡብ ቡርጎኝ፣ በሶን-ኤ-ሏር አውራጃ፣ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ በ1997 የተከፈተው 44 ኪሎ ሜትር ነው። ሐዲዱ ቀድሞ ሻሎን-ሱር-ሶንን ከክሉኒ፣ ከዚያም አልፎ ከማኮን ያገናኝ ነበር። ዛሬ መንገዱ የግሮን ወንዝን ሸለቆ ተከትሎ በኮርማታን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥትና በቴዜ መንደር ግርጌ ያልፋል፤ የቀድሞዎቹ የጣቢያ ቤቶችም ከነስም ጽሑፋቸው በዳር ቆመው ይታያሉ። ክሉኒ ሲደርስ በ910 የተመሠረተው ገዳም አለ። ቤተ ክርስቲያኑ የሮሙ ቅዱስ ጴጥሮስ እስኪሠራ ድረስ በምዕራቡ ክርስትና ትልቁ ነበር፤ ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ተሸጦ እንደ ድንጋይ ካባ ተፈልጦ አለቀ፣ ከድንጋዩም የመንግሥት የፈረስ ማርቢያ ተሠራበት። አካባቢው ዘመን ያለፈበትን ነገር ለሌላ ሥራ ማዋልን ከባቡሩ በፊት ያውቅበታል ማለት ነው።

ከክሉኒ ወደ ደቡብ ሲቀጠል የቧ-ክሌር መሿለኪያ ይመጣል፤ ርዝመቱ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውጭው በሐምሌ ሙቀት ሲነድ ውስጡ ሹራብ ያስለብሳል። በክረምት ግን በሩ ይዘጋል፤ የሌሊት ወፎች በውስጡ እንቅልፋቸውን ስለሚያሳልፉ እስከ ጸደይ ድረስ ተጓዡ ኮረብታውን በላይ በኩል እንዲሻገር ይገደዳል። ከመሿለኪያው በላይ በዚያው ኮረብታ በ1981 የተከፈተው የፓሪስ–ሊዮን ፈጣን ባቡር ያልፋል። የእንፋሎት ባቡሩ ተራራውን መብሳት ግድ ሆኖበት ነበር፤ የኤሌክትሪኩ ባቡር በ1,000 ሜትር 35 ሜትር የሚወጣ ዳገት ስለሚችል ያለ አንዳች መሿለኪያ በላዩ ይበራል። አሮጌው መስመር ለምን ለብስክሌት እንደ ተመቸ፣ አዲሱም ለምን ለዚህ ጨርሶ ሊሆን እንደማይችል ለመረዳት ከዚህ ኮረብታ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

በጀልባ ጎታች ዱካ ላይ

ሁለተኛው ውርስ ሰው ሠራሽ የጀልባ ቦይ ነው። ሞተር ከመምጣቱ በፊት የጭነት ጀልባን ከዳር ሆኖ በገመድ የሚጎትተው ፈረስ፣ በቅሎ ወይም ሰው ነበር። ስለዚህ በየቦዩ ጠርዝ «ሸማን ደ አላዥ» የሚባል የመጎተቻ መንገድ ተዘርግቷል። ይህ መንገድ ከባቡሩም ይልቅ ሜዳማ ነው፤ ከፍ የሚለው ጀልባው በውሃ በር ተይዞ ወደ ላይ በሚነሣበት ቦታ ብቻ ነው። የቡርጎኝ ቦይ በ242 ኪሎ ሜትር ውስጥ 189 እንዲህ ያሉ በሮች አሉት፤ በየበሩ ጎን የጠባቂው ትንሽ ቤት ይታያል።

ብዙ ሰው የማይገነዘበው ግን የመጎተቻው መንገድ በራሱ የሕዝብ መንገድ አለመሆኑ ነው። የቦዮቹ አስተዳዳሪ የሆነው የመንግሥት ድርጅት ዱካውን የያዘው ለውሃው ሥራ ነው። ብስክሌት በይፋ እንዲሄድበት የአካባቢው አውራጃ ወይም ማዘጋጃ ቤት ከድርጅቱ ጋር ስምምነት ተፈራርሞ የንጣፉንና የደኅንነቱን ኃላፊነት መቀበል አለበት። አንዱ አውራጃ ይፈርማል፣ ጎረቤቱ አይፈርምም። ውጤቱ በሚዲ ቦይ ላይ በግልጽ ይታያል። ፒየር-ፖል ሪኬ ከ1666 ጀምሮ ያስቆፈረው፣ ከቱሉዝ እስከ ሜዲትራኒያን ዳርቻ 240 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው ይህ ቦይ ከቱሉዝ ተነሥቶ እስከ አውራጃው ወሰን 50 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ሆኖ ይሄዳል። ወሰኑ ሲታለፍ አስፋልቱ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ብዙው ቦታ አፈር፣ ጠጠርና ከመሬት የወጣ የዛፍ ሥር ነው። ሻንጣ በጫነ ብስክሌት ላይ ያ ሥር እጅ ያደነዝዛል።

ሥሩ የፕላታን ዛፍ ነው። በቦዩ ዳርና ዳር ከተተከሉት 42,000 ያህል ፕላታኖች መካከል፣ በ2006 በካርካሶን አቅራቢያ ከተገኘ የፈንገስ በሽታ ወዲህ፣ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩት ተቆርጠዋል። በሽታው ወደ ፈረንሳይ የገባው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ በመጣ የጥይት ሣጥን እንጨት እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ጥላ ይፈልግ የነበረው ተጓዥ በተራቆተው ክፍል ፀሐይ ይመታዋል፤ አዲሶቹ ችግኞች ጥላ እስኪሆኑ አንድ ትውልድ ያልፋል።

በብሬታኝ ክፍለ ሀገር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። ከናንት እስከ ብሬስት ያለው ከ360 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ቦይ የተጀመረው በናፖሊዮን ዘመን፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የባሕሩን ዳርቻ በዘጋበት ጊዜ፣ ለብሬስት የጦር ወደብ ስንቅና መሣሪያ በየብስ ውስጥ ለማድረስ ነበር። በ1920ዎቹ የጌርሌዳን የኤሌክትሪክ ግድብ ሲሠራ ቦዩ ለሁለት ተቆርጦ አንዱ ክፍል ከነውሃ በሮቹ ሐይቅ ሥር ሰጠመ። ለጀልባ ነገሩ በዚያው አበቃ፤ ብስክሌተኛው ግን ሐይቁን ዞሮ ማዶ የቀረውን ዱካ ያገኘዋል።

መንገዱ የሚያሳየውና የሚደብቀው

«ታሪካዊ ገጠር» የሚለው ማስታወቂያ አንድ ነገር ይሰውራል። ጥንታዊው የፈረንሳይ መንደር ብዙ ጊዜ ለመከላከል ሲባል ኮረብታ ላይ የተሠራ ነው፤ ባቡሩ ደግሞ ሸለቆውን ይመርጣል። ስለዚህ ጣቢያው ከመንደሩ ይርቃል፣ አረንጓዴው መንገድም ተጓዡን የሚያደርሰው ጣቢያው ድረስ ነው። ከኮርማታን በስተምሥራቅ ያሉት የሻፔዝ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያንና በጋራ ራስ ላይ የተቀመጠችው የብራንሲዮን ምሽግ መንደር የአካባቢው እውነተኛ ሀብት ሆነው ሳለ፣ ከሐዲዱ መደብ ሳይወጡ ሁለቱንም ማየት አይቻልም። እነሱን ለማየት ከመኪና ጋር መንገድ መጋራትና ዳገት መግፋት ግድ ነው። አንዳንድ ልምድ ያላቸው ብስክሌተኞች አረንጓዴው መንገድ በዛፍ አጥር መካከል እየነዳ የሚወስድ አሰልቺ ቦይ ነው ሲሉ ምክንያታቸው ይህ ነው። ነቀፋው ከፊል እውነት አለው፤ ይሁን እንጂ የሚናገሩት መንገዱ እንዲጠቅም የታሰበለት ሕፃን፣ አዛውንት ወይም ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው አይደሉም።

የሚከራከሩት ምን ይላሉ?

ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ከባቡር ወዳጆች ነው። በፈረንሳይ ሕግ መስመርን መዝጋትና ከባቡር ንብረትነት ማውጣት የተለያዩ እርምጃዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ መሬቱ በባቡር አውታሩ ባለቤትነት ይቆይና አስተዳደሩ ብቻ ለአውራጃው ይተላለፋል፤ በወረቀት ላይ ባቡሩ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። ተቃዋሚዎቹ ይህን አያምኑትም። አስፋልቱ ከተነጠፈና ቤተሰቦች እሑድ እሑድ መውጣት ከጀመሩ በኋላ የትኛው ከንቲባ ነው ነቅዬ ሐዲድ ልመልስ የሚለው? ደጋፊዎቹ በበኩላቸው አረንጓዴ መንገድ ባይሆን ኖሮ መደቡ በቁርጥራጭ ተሸጦ፣ በላዩ ቤትና መጋዘን ተሠርቶበት እስከ መጨረሻው ይጠፋ ነበር ይላሉ። ሚዛኑ የሚወሰነው በመስመሩ ሁኔታ ይመስላል። ሐዲዱ ገና ባልተነሣበትና በአካባቢው ተሳፋሪ በሚገኝበት መስመር የባቡር ወዳጆቹ ሥጋት ክብደት አለው፤ ብረቱ ከተነሣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ባለፈው መስመር ላይ ግን ብስክሌቱ የሚፎካከረው ከእሾህ ቁጥቋጦ ጋር እንጂ ከባቡር ጋር አይደለም።

ሌላው ወገን ይህ ሁሉ ወጪ ለምን ይላል። ፈረንሳይ ከ1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አላት፤ ከዚህም አብዛኛው በካርታ ላይ በቀጭን ነጭ መስመር የሚታይ፣ ጥቂት መኪና ብቻ የሚያልፍበት የመንደር መንገድ ነው። በእርግጥም ለብዙ የረጅም ርቀት ተጓዦች ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ሆኖም ጸጥታው ዋስትና የለውም፤ የመኪና ውስጥ የመንገድ ጠቋሚ አንድ ቀን ያንኑ መንገድ እንደ አቋራጭ ከመረጠው ጸጥታው ያበቃል።

ስለ ንጣፉ ያለውም ክርክር ቀላል አይደለም። አስፋልት ለሕፃናት ጋሪና ለተሽከርካሪ ወንበር ይመቻል፣ ዝናብም አያበላሸውም። የተጠቀጠቀ አሸዋ ከቅርስ ገጽታ ጋር ይስማማል፣ ለፈረስ ኮቴም ይለዝባል፤ ነገር ግን በየጥቂት ዓመቱ ጥገና ይጠይቃል። ይህ ወደ ገንዘቡ ይመልሰናል። የመንግሥት ድጎማ በአብዛኛው የሚሰጠው ለግንባታ ሲሆን ሣር ማጨዱ፣ የወደቀ ዛፍ ማንሣቱና የድልድይ ፍተሻው የአካባቢው ሸክም ሆኖ ይቀራል። በጀቱ የጠበበ አውራጃ መንገዱን ማስመረቅ ይችላል፤ በአሥረኛው ዓመት ግን የተሰነጠቀውን ማደስ ሊያቅተው ይችላል። ጥቅሙም እኩል አይዳረስም። ከመስመሩ በ5 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ሆነው ለብስክሌት የሚቆለፍ ማኖሪያና የጥገና ዕቃ የሚያዘጋጁ ማረፊያዎች «አከይ ቬሎ» የሚባል ብሔራዊ ምልክት ይሰጣቸዋል፤ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያለው መንደር ይህን ገቢ ከሩቅ ያያል።

ወደ ፊት የሚጠበቀው

በ1998 የመጀመሪያው የብሔራዊ መስመሮች ዕቅድ ሲጸድቅ ከፊት የነበረው ሥራ ቀላሉ ነበር፤ የተዘጋ ሐዲድና ዝግጁ የቦይ ዳር ነበረ። ቀላሉ ኪሎ ሜትር አሁን በብዛት ተሠርቷል። የቀሩት ክፍተቶች ባቡርም ጀልባም ያልሄደባቸው፣ መሬት ከገበሬ መግዛት ወይም በወንዝ ላይ አዲስ ድልድይ መሥራት የሚጠይቁ ናቸው። እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከቀድሞው የሚወደደው፣ የመንግሥት ገንዘብ ግን የሚሳሳው በአንድ ወቅት ሆኗል። ስለዚህ ክፍተቶቹ ፈጥነው ይሞላሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

የመድረሻው ነገርም አለ። ሐዲዱ ለብስክሌት የተለቀቀው ባቡሩ ስለሞተ ነው፤ በዚህም ምክንያት ወደ አረንጓዴው መንገድ በባቡር መድረስ የሚቸግረው ባቡር በቀረባቸው በእነዚያው አካባቢዎች ነው። ክሉኒ ዛሬ የባቡር ጣቢያ የላትም፤ ቅርቡ የሚገኘው በማኮን በኩል ነው። በ2019 የወጣው የመጓጓዣ ሕግና ተከታዩ የ2021 ደንብ አዳዲስ ባቡሮች ያልተፈታታ ብስክሌት የሚሰቀልበት ቦታ እንዲኖራቸው ያስገድዳሉ፤ በፈጣኖቹ ባቡሮች ግን ቦታው ጥቂት ነው፣ አስቀድሞ መያዝም አለበት፤ ካልሆነ ብስክሌቱ ተፈታትቶ በከረጢት መግባት ይኖርበታል። ብዙ ቤተሰብ ከዚህ ጣጣ ይልቅ ብስክሌቱን በመኪና ጀርባ ጭኖ ይመጣል፤ ከመኪና ነጻ የሆነው መንገድ መነሻ ላይ በበጋ ቅዳሜ ጠዋት ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ሞልቶ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለጉዞ የሚነሣ ሰው እስከዚያው የመስመሩን ካርታ ሲከፍት ከሥዕሎቹ ይልቅ የመስመሩን አሣሣል ቢያስተውል ይጠቀማል። ደማቁ መስመር አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥ የተለየውን መንገድ ያሳያል፤ የተቆራረጠው ደግሞ «ጊዜያዊ» የሚባለውን፣ ማለትም ከመኪና ጋር የሚጋሩትን ክፍል። አንዳንዱ ጊዜያዊ መስመር ብዙ ዓመት ሳይቀየር ይቆያል።